ካሜራው «እህ» አይልም

በመተማ ቆላ ባለችው ሽንፋ ውስጥ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጸጥ የሚል ቦታ የለም። ይህን የምለው አገሬን ለማማት አይደለም፤ ፈልገን ስላጣን ነው። ባጃጁ ጥሩምባውን ሲተው ወፍጮው ይጀምራል፤ ወፍጮው መብራት ሲሄድበት የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ሲጨርስ አህያ ያናፋል፤ አህያው ሲደክመው አንዲት እናት ልጇን ከመንደሩ ዳር እስከ ዳር በሚሰማ ድምፅ ትጣራለች፤ ልጁ ግን አጥሩ ሥር ተቀምጦ ዝም ይላታል። በር ዘግቶ መቀመጥ ይቻላል። ሆኖም በቆላ ፀሐይ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮት ለብሶና ከረባት አስሮ በር የዘጋ ሰው ከአፉ በፊት ላቡ ይናገራል።

ጸጥታ ያስፈለገን የእህቴ ልጅ ውጭ አገር ቢዝነስ ስኩል ሊያመለክት ስለተነሳ ነው። ልጁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ተምሮ፣ ወደ ተወለደበት ተመልሶ፣ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ሂሳብ ይይዛል። ኤም ቢ ኤ ልማር ነው ሲል እናቱ መጀመሪያ የጠየቀችው «ካለህበት ምን ጎደለህ?» ብላ ነው። በኋላ እንዳየሁት የፈረንጆቹም የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው፤ እነሱ ግን ለመጠየቅ ገንዘብ ያስከፍላሉ።

አገር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዲህ አያስጨንቅም። ትምህርት ሚኒስቴር በቅርብ ዓመታት ያመጣው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ተማሪው «ጋት» የሚለው፣ ከባድ ነው ይባላል፤ ቢሆንም ፈተና ነው። ከቀረበልህ መልስ አንዱን መርጠህ ትወጣለህ። «በሕይወትህ የወደቅክበትን ጊዜ ንገረን» ብሎ የሚመረምርህ የለም፤ መውደቅህን ውጤቱ ራሱ ይነግርሃል።

ቢዝነስ ስኩሎቹ ግን ሰውን በወረቀት ብቻ አናምንም ካሉ ቆይተዋል። የቶሮንቶው ሮትማን በ2012 እ.ኤ.አ. አመልካቾቹን በቪዲዮ መጠየቅ ጀመረ፤ በዓመቱ የአሜሪካዎቹ ኬሎግና ዬል ተከተሉት። ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለህ፤ ካሜራው ይበራል፤ አይተኸው የማታውቀው ጥያቄ ብቅ ይላል። ኬሎግ ለማሰቢያ 20 ሰከንድ፣ ለመናገሪያ አንድ ደቂቃ ይሰጣል። የፈረንሳዩ ኢንሲያድ ትንሽ ደግ ነው፤ 45 ሰከንድ ያሳስባል። ኤም አይ ቲ ስሎን ደግሞ የአንዱን ቪዲዮ ጉዳይ አስቀድሞ ይነግርሃል፤ ለወደፊት የክፍል ጓደኞችህ ራስህን በአንድ ደቂቃ አስተዋውቅ ይላል፤ ነገር ግን ሳይቆረጥ ሳይቀጠል በአንድ ትንፋሽ መቀረጽ አለበት። ይህን ሁሉ ላለፈ ሰው ደግሞ ሰው ይጠብቀዋል። ሃርቫርድ ማመልከቻህን አንብቦ የመጣ ሰው ለግማሽ ሰዓት ያህል ያፋጥጥሃል። ዋርተን አምስት ስድስት አመልካች ሰብስቦ በአንድ ጉዳይ ላይ 35 ደቂቃ ያወያያል። ይህችኛዋ ለእኛ አገር ሰው የተመቸች ትመስላለች፤ በስብሰባ ማን ይችለናል? ሆኖም 35 ደቂቃ ለእኛ የሰላምታና የመክፈቻ ንግግር ጊዜ ናት፤ አጀንዳው ሳይጸድቅ ፈተናው ያልቃል።

ሃርቫርድ ለማመልከቻ ብቻ 250 ዶላር ያስከፍላል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሰው ይህን ቁጥር ወደ ብር መንዝሮ ይደነግጣል። እኛ ሽንፋዎች የምንመነዝረው ወደ ሰሊጥ ስለሆነ ድንጋጤያችን በኩንታል ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሃርቫርድን ስም እቤታችን ያነሳ የለም። ልጁ አውሮፓ፣ ፓሪስ ያለ ትምህርት ቤት መረጠ፤ ክፍያውን አሜሪካ ያለች አክስቱ በካርዷ ከፈለችለት። ከዚያ በፊትም ሊያመለክት አስቦ ነበር፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ጥያቄውና ጠያቂው ሳይገናኙ ቀሩ።

ዝግጅቱ በስልክ ተጀመረ። ልጁ ማታ ማታ ግቢ ውስጥ የጠፍር አልጋው ላይ ተጋድሞ የአስጠኚዎችን ቪዲዮ ያያል። ሁሉም አስጠኚ ፈገግታው አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉም ጥያቄው የሚሸነፍበት ምሥጢር አለኝ ይላል። አንድ ማታ ጠራኝና «ጋሼ፣ እስቲ ይስሙኝ» አለ። ሰማሁት። ራሱን ውጤት ተኮር፣ ለለውጥ የሚተጋ፣ ባለድርሻ አካላትን አቀናጅቶ ዘላቂ ተጽዕኖ የሚፈጥር መሪ ብሎ ገለጸ። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። እኔ ግን የሠራሁት መንግሥት ቤት ስለነበር፣ ቢፒአርና ቢኤስሲ በሚባሉት የአሠራር ማሻሻያዎች ዘመን ስንት ግድግዳ ላይ ስንት ወረቀት ስንለጥፍ የኖርን ሰዎች ስለሆንን፣ ይህን ቋንቋ ከሩቁ አውቀዋለሁ። የወረዳ ሪፖርት ነው። እንግሊዝኛ ተምሮ፣ ከረባት አስሮ የመጣ የወረዳ ሪፖርት።

«ይህን ማን ጻፈልህ?» አልኩት።

«ቻትጂፒቲ።»

«ሽንፋን ያውቃታል?»

«ስነግረው አወቃት።»

መካሪ ደግሞ በዛ። የእንግሊዝኛ መምህሩ በአፍንጫህ ተናገር አለው። ካርቱም ኖሮ፣ ከገላባት ድንበር ማዶ የሱዳን ጦርነት ሲነሳ የተመለሰ ጎረቤታችን፣ ፈረንጅ ሲጠይቅህ ቶሎ አትመልስ፣ የምትዋሽ ትመስለዋለህ አለው። ሌላው ቶሎ ካልመለስክ የማታውቅ ትመስላለህ አለ። ፋርማሲ ያለው ጓደኛው በረጅሙ ተንፍስ አለው፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በረጅሙ የተነፈሰ ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል ግን አልነገረውም። እናቱ ጠበል አምጥታ ኮምፒውተሩን ልትረጨው ስትል ነው የደረስንበት።

የአለባበሱ ጉዳይ በፍጥነት ተፈታ። ኮቱ ለምርቃት የተሰፋ ነው፤ ሸሚዙ ነጭ ነው፤ ከዚያ በታች ቁምጣና ሸበጥ። ከወገብ በላይ ፓሪስ፣ ከወገብ በታች ሽንፋ።

የመጀመሪያው የልምምድ ጥያቄ ቀላል መሰለን። ከየት እንደመጣህ ንገረን ነው የሚለው። ልጁ ጀመረ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀንድ የምትገኝ ጥንታዊት አገር እንደሆነች ተናገረ። ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጠፈ። ጎንደርን ከነቤተ መንግሥቷ አነሳ። ከጎንደር በጭልጋ በኩል ወደ ቆላ ወረደ፤ አፄ ቴዎድሮስ የተወለዱበት ቋራ እዚያው ጎረቤት መሆኑን ጠቆመ። ገንዳ ውኃ ደረሰ። መተማ ላይ በመጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር እየተዋጉ ነው። ቲን አለ። አንድ ደቂቃው አልቋል፤ ንጉሡ ገና አልወደቁም፤ ሽንፋ ገና አልተነሳችም።

ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም። እኛ ስለ ራሳችን የምንጀምረው ከአያቶቻችን ነው፤ ሰው ዘሩን ሳይቆጥር ሥራውን ቢናገር ጨዋ ቤት ያላደገ ይመስላል። ደቂቃ ቆጥሮ የሚያሳድግ ወላጅም የለንም።

ከሁሉ የከፋው ግን የካሜራው ዝምታ ነው። የእኛ ሰው ብቻውን አያወራም። አንድ ሰው ሲያወራ ሌላው «እህ»፣ «በል እንጂ»፣ «ወይ ጉድ» ማለት አለበት፤ ያ ካልሆነ ተናጋሪው የተጣላ፣ ወይ የተቀየሙት ይመስለዋል። ካሜራው «እህ» አይልም። ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገርና መልስ ይጠብቃል፤ መልስ ሲያጣ ድምፁን ይቀንሳል፤ ጭራሽ ሲፈራ ወለሉን ያያል። አስጠኚዎቹ ደግሞ ካሜራውን ዓይን ዓይኑን እይ ይላሉ። ይህ ልጅ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ትልቅ ሰው ሲያናግርህ አንገትህን ድፋ ተብሎ ነው ያደገው። መምህሩን፣ ቄሱን፣ አባቱን ዓይን ዓይን ሳያይ ኖሮ አሁን ስም የሌላት ትንሽ ቀዳዳ ላይ ምን ብሎ ያፍጥ?

ስለዚህ እኔ ከኮምፒውተሩ ኋላ ቆሜ «እህ» እንድል ተመደብኩ። ድምፄ ቪዲዮው ውስጥ እንዳይገባ በጭንቅላቴ ብቻ። አንገቴ እስኪታመም ነቀነቅኩለት፤ ይኸው እስካሁን ሰው ሳያናግረኝም ይነቀነቃል።

«ስታር» የሚሉት የአመላለስ ዘዴም አለ። መጀመሪያ ሁኔታውን፣ ቀጥሎ የተሰጠህን ኃላፊነት፣ ከዚያ ያደረግኸውን፣ በመጨረሻ የተገኘውን ውጤት ትናገራለህ። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አሳምሮ ይላቸዋል። ሦስተኛው ላይ፣ ያደረግኸውን ተናገር የሚለው ላይ ሲደርስ ግን «እግዚአብሔር ረድቶን» ይልና ሥራውን ሁሉ ያስረክባል። ከዚያ ውጤቱን ይናገራል። በዚህ አያያዝ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው እግዚአብሔርን ነው፤ እሱ ደግሞ ኤም ቢ ኤ አያስፈልገውም።

ድክመትህ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ «ሥራዬ ሁሉ ፍጹም ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚል መልስ አጥንቶ ነበር። እናቱ ከጓዳ ሰማችው።

«እንቅልፍ ነው የማይወስድህ? ጠዋት በውኃ የምቀሰቅሰው ማንን ነው?»

መልሱን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተወው። ደግ አደረገ። ጠያቂዎቹ በዓመት ስንትና ስንት ሺህ ቪዲዮ የሚያዩ ሰዎች ናቸው፤ ፍጹምነት የሚያስቸግረው ወጣት መቼስ ሰልችቷቸዋል።

ነገሩን የቀየሩት ሐጂ ናቸው። ሐጂ ጎረቤታችን ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። ቢዝነስ ስኩል የሚባል ነገር መኖሩን የሰሙት በዚሁ ሰሞን ነው፤ ሰው መጠየቅ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩበት ኖረዋል። ለዘር ብድር የሚፈልግ፣ ጆንያ በዱቤ የሚወስድ፣ ሰሊጤ ንጹሕ ነው ብሎ የሚምል ሰው ሁሉ በእሳቸው ፊት ያልፋል። እጃቸውን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርናቸው አስገብተው ከሥር ያለውን ያወጣሉ፤ ላይ ላዩን አይተው አያውቁም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁ ሲለማመድ መጡና ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። ነገርናቸው። በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«እሺ፣ እኔ ፈረንጁ ልሁን። ምን ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ሐጂ፣ ቡድን መርቻለሁ።»

«ማንን?»

«የምርት አሰባሰብ ቡድን።»

«ሰው ነው ማሽን?»

«ሰው ነው። አጫጆች። አርባ ገደማ።»

«ገደማ የሚባል ሰው ደመወዝ አይበላም። ስንት ናቸው?»

«ሠላሳ ስምንት።»

እዚህ ላይ ሰሊጥ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም። ከታች ወደ ላይ ነው የሚደርሰው፤ ላይኛው ገና አረንጓዴ ሳለ የታችኛው ፍሬ አፉን መክፈት ይጀምራል። ቀድመህ ካጨድክ ፍሬው ይቀጭጫል፤ ከዘገየህ መሬት ላይ ይረግፍና ጉንዳን ይለቅመዋል። መሀል ላይ ያለችው ጊዜ የጥቂት ቀናት ናት። ነዶው ታስሮ፣ ሂላ በሚባለው ክምር ቆሞ ይደርቃል፤ ከዚያ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ለዚህ ሁሉ እጅ ያስፈልጋል፤ እጁ ደግሞ ከደጋ በመኪና ተጭኖ የሚወርድ ወጣት ነው፤ ጎጃሜው፣ ጎንደሬው፣ ወሎዬው ሁሉ በአንድ ሰሞን መተማ ይወርዳል። ንጋት ላይ አስፋልቱ ዳር ገበያው ይቆማል፤ ባለሀብቱ በፒካፕ መጥቶ ዋጋ ይጠራል፤ ከኋላው ሌላው ፒካፕ ይጨምራል። ደመና የታየ ቀን ዋጋው አይቀመስም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሚያዝያ 2000 ሥራ ጀምሮ ኋላ ሰሊጥን ወደ መድረኩ ሲያስገባ መተማ ላይ መጋዘን ከፍቷል፤ አዲስ አበባ ላይ በስክሪን የሚታየው ዋጋ ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው እዚህ፣ በጨለማ፣ በፒካፕ መብራት ነው።

ሐጂ ቀጠሉ። «ሠላሳ ስምንት ሰው ይዘህ ምን ሆነ?»

«ባንክ ብር የለም አለን። የሁለት ቀን ደመወዝ ነበር በእጃችን። ሰሊጡ አፉን ከፍቷል።»

«እና?»

«አነጋገርኳቸው።»

«ምን ብለህ? እኔ እኮ የለሁም፤ ሩቅ አገር ነኝ። ምን ብለህ?»

ልጁ ወደ እኔ አየ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

«ምግባችሁ ከማኅበሩ ነው፣ ዱቄትና ሽሮ ሞልቷል አልኳቸው። ማታ ማታ ግማሹን እከፍላለሁ፤ ግማሹን የመጀመሪያው ሰሊጥ የተሸጠ ቀን። ዋስ አቀርባለሁ አልኳቸው።»

«ዋሱ ማን ነበር?»

«እርስዎ ነዎት፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዋስ የሆንኩ ሰውዬ፣ ቡድን መርቻለሁ ብለህ ብቻህን ትወጣለህ?» ሳቁና መልሰው ፊታቸውን ቋጠሩ። «ሁሉም ቀሩ?»

«አሥራ አንዱ በሦስተኛው ቀን ሄዱ። ወዲያ ማዶ የተሻለ ዋጋ ተጠራ። የምሥራቁ ጫፍ ረገፈብን።»

«ሃያ ሰባቱስ ለምን ቀሩ? ዘመዶችህ ናቸው?»

ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ፣ ማፈር በሚመስል ድምፅ፣ ማታ ማታ ከእራት በኋላ ደብተሩን ይዞ በባትሪ ብርሃን የእያንዳንዱን ስም እየጠራ፣ ዛሬ ይህን ያህል ሠርተሃል፣ ይህን ያህል ወስደሃል፣ ይህን ያህል በእኛ ላይ አለህ እያለ ያነብላቸው እንደነበር ተናገረ። ማንበብ የማይችሉ ነበሩባቸው። አንዱ ልክ አይደለም ሲል እዚያው ሁሉም ፊት ይታረማል። መጀመሪያ የተሸጠው ሰሊጥ ገንዘቡ ሲመጣ ደብተሩን ይዞ ከፈለ።

ሐጂ በርጩማውን ወደፊት ሳቡ። «ይህን ለምን አትነግራቸውም?»

«ሐጂ፣ ይሄ እኮ ሥራ ነው።»

«ኧረ ተው! እነሱስ ምን ጠየቁህ?»

እኔ ስለዚህ ጉዳይ ያለኝ ሐሳብ በሙሉ ከሐጂ በርጩማ ላይ የተወሰደ ነው። ልጆቻችን ቃለ መጠይቅ ሲባል የተከራዩትን ቃል ለብሰው ይሄዳሉ፤ የሠሩትን ግን እንደ ቆሸሸ የሥራ ልብስ ከበር ውጭ ጥለውት ይገባሉ። ጠያቂው የሚፈልገው ደግሞ ያንን ነው፦ ስንት ሰው፣ ስንት ብር፣ ማን ሄደ፣ ለምን ቀሩ። ሌላው ጌጥ ነው። ሐጂ እንዳደረጉት እጁን እስከ ክርኑ የሚያስገባ ጠያቂ ካላገኘ ልጁ የታችኛውን ሰሊጥ ራሱም አያየውም።

ሌላ ጥያቄ ላይም እንዲሁ ሆነ። ከለውጥ ጋር ራስህን ያላመድክበትን ጊዜ ግለጽ ይላል። ልጁ ስለ ዲጂታል ሽግግር ሊናገር ሲዘጋጅ ነው የያዝኩት። እኔ ብሆን እንደ ሽንፋ ሰው የምመልሰው ከወንዛችን ነው። በጆን ካፕልማን የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን በሽንፋ ወንዝ አካባቢ «ሽንፋ-መተማ 1» የተባለ የጥንት ሰዎች ሰፈር አጥንቶ በመጋቢት 2016 ኔቸር መጽሔት ላይ አውጥቷል። ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የበተነው፣ በዓይን የማይታይ የብርጭቆ ብናኝ እዚህ አፈር ውስጥ ተገኝቷል። ከፍንዳታው በኋላ አገሩ ደረቀ። ወንዙ እየቆመ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ሰዎቹ ምን አደረጉ? ዓሣው ኩሬ ውስጥ ተጠራቅሞ ለመያዝ ቀለለ፤ እነሱም ዓሣ መብላቱን አበዙት። የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና ቀስት ላይ የሚገቡ የሚመስሉ ትንንሽ የድንጋይ ጫፎችም ተገኝተዋል። ሁኔታ፣ ኃላፊነት፣ ተግባር፣ ውጤት፤ አራቱም አሉ፣ ጊዜውም ከአንድ ደቂቃ ያንሳል። ልጁ ግን «ጋሼ፣ እኔ የሠራሁትን ነው የሚጠይቁት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዓሣውን እሱ አልያዘም።

«ለምን የእኛን ትምህርት ቤት መረጥክ?» የሚለው ደግሞ ማንንም ሊያስቸግር አይገባም ነበር። ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ለመጠየቅ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ልጅቱ ቆንጆ ስለሆነች ብሎ የሚመልስ ሽማግሌ ከደጅ ይመለሳል። ቤቱን አጥንተህ ትሄዳለህ፤ አባትየው ምን እንደሚወዱ፣ ቤተሰቡ በምን እንደሚኮራ፣ የእናንተ ልጅ ለዚያ ቤት ምን እንደሚሆን ትናገራለህ። እነሱም እስኪያስቡበት ሌላ ቀን ቀጥረው ይሸኙሃል፤ ፈረንጆቹ ይህን የተጠባባቂ ዝርዝር ይሉታል። ልጁ ትምህርት ቤቱ በዓለም ስንተኛ እንደሆነ ሊነግራቸው ነበር። ደረጃቸውን እነሱም ያውቁታል፤ በየዓመቱ የሚያነቡት እነሱ ናቸው። በምትኩ በኅብረት ሥራ ማኅበር ላይ የሚሰጡትን ትምህርት ፈልጎ አገኘና ማኅበራችን ሰሊጥ ለምን በጥሬው ብቻ እንደሚሸጥ፣ ምን ቢማር ምን እንደሚቀይር ጻፈ። ይህን ግን በቃሉ አላጠናውም፤ አጥንቶ የሚናገር ሰው ዓይኑ ወደ ጣሪያ ይሄዳል፣ ካሜራ ደግሞ ያንን አይስትም።

ቪዲዮው የተቀረጸው ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ኔትወርኩ ይሻላል፤ ሙቀቱ ገና አልተነሳም፤ ባጃጆቹ ተኝተዋል። ዶሮዎቹን እናቱ በቅርጫት ደፍታ ጎረቤት አሳደረቻቸው። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተዘርግቷል። ኮምፒውተሩ ሁለት የስኳር ካርቶን ላይ ተቀመጠ፣ ካሜራው ከዓይኑ ትክክል እንዲሆን። ከካሜራው በላይ የሐጂን ፎቶ ለጠፍን፤ የሚያወራው ለእሳቸው ነው። የመጣው ጥያቄ ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረን የሚል ነበር። ሠላሳ ስምንት ብሎ ጀመረ። አሥራ አንዱ ሲሄዱ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፤ ደብተሩ ላይ ሲደርስ ተስተካከለ። ሁለት ሰከንድ ተርፎት ጨረሰ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ያለው ካሜራው ከጠፋ በኋላ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ደብዳቤው «ውድ ሚስተር» ብሎ የአባቱን ስም ይጠራል። አባትየው ለአረም ሊወጡ ሲሉ ተነበበላቸው።

«እኔን ምን አድርግ ነው የሚሉኝ?» አሉ።

የፓሪስ ሰዓት በጥቅምት ይቀየራል፣ የእኛ አይቀየርም፤ እሱን አስልተን፣ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት መሆኑን አረጋግጠን፣ ገንዳ ውኃ ሄዶ መብራት የማይጠፋበት ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ። የጠየቀው ሰው ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣ ነጋዴ ነው። ከሰላምታ ቀጥሎ መጀመሪያ የጠየቀው «እነዚያ አሥራ አንድ ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው መጡ?» ብሎ ነበር። ሰባቱ መጥተዋል። ልጁ ስማቸውን ያውቃል።

ውጤቱ ገና አልመጣም። እስከዚያው ግን የሽንፋ፣ የኮኪት፣ የገንዳ ውኃ ሌሎች ልጆች ስለ ጉዳዩ እየጠየቁ ነው፤ ለሁሉም የሚበቃ ሐጂ የለንም። ስለዚህ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጣችሁ፣ አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ፣ ለንደንም ሆነ ዋሽንግተን ያላችሁ ወገኖች፣ ምክር አትላኩልን፤ ምክር ስልካችን ሞልቶታል። ግማሽ ሰዓት ደውላችሁ ልጆቹን ጠይቁልን። «ገደማ» ሲሏችሁ አትለፏቸው። ስትደውሉ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ወፍጮው ይጀምራል።